የጓዳ ቅጠል

ደጀን ላይ ሽንኩርት የሚከተፈው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ በቢላ ቤት ብቻ ነበር። በቤቱ ስለት የሚያስቀምጥ ሰው የለም፤ መርፌ እንኳ ከቀበሌ በፊርማ ወጥታ በፊርማ ትመለሳለች። ሰው ሽንኩርቱንና ጎመኑን በዘንቢል ይዞ ይሰለፋል፤ ፈቃድ ያላቸው ከታፊዎች እስከ ክርናቸው ወፍራም ጓንት አጥልቀው፣ በሰንሰለት በታሰረ ቢላ ከትፈው ይመልሱለታል። ጢሙን የሚላጭ ወንድ ከጠፋ ቆይቷል። የሕፃን ጆሮ አይበሳም። የእሾህ አጥር የሚባል ነገር ተነቅሎ አልቋል። የተጫረ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላስመዘገበ ቤቱ ይታሸጋል። ኪኒን ጀርም መግደል ካቆመ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሰው ደግሞ የማይለምደው ነገር የለም።

ጋሽ ዘርጋው ወደ ቢላ ቤት የሚሄደው ለሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ፎቶው ተሰቅሏል። ሌላ ሰው ቢጠየቅ «የበር ያህል ነው» ይላል፤ እሱ ግን «የደብር ያህል ነው» ይላል። ከሥሩ «ሰባት ቅጠል ዘርጋው» ተብሎ ተጽፏል። ቁስል ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ልጥፍ፣ ሕዝቡ አሳጥሮ «ሰባቴ» የሚለው፣ ስሙ የተወሰደው ከእሱ ነው። ከደጀን እስከ ሞያሌ ጣቱን የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እግዜርን፣ ቀጥሎ ዘርጋውን ነው። ቅደም ተከተሉም ለእግዜር ክብር ሲባል የተጠበቀ እንጂ ሌላ ምክንያት እንደሌለው ዘርጋው ራሱ ይናገራል።

የዚያን ሰኞ ጠዋትም ከፎቶው ፊት ለፊት፣ ሰው ፊቱንና ፎቶውን ለማስተያየት በሚመቸው ቦታ ተሰለፈ።

«ዘርጋው፣ ዛሬስ ስንት ሰው አዳንህ?» አለው ከኋላው የቆመው ውዱ፣ ጡረታ የወጣ ሹፌርና የዕድሜ ልክ ተረበኛው።

«ከቁርስ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ሰልፉ ሳቀ። ለዘርጋው ሳቅ ማለት እሳት ላይ እንደተጨመረ ላምባ ነው።

«አያቴ እኮ እባብ የነደፈውን ሰው ሲያክም መርዙን ብቻ አልነበረም የሚያወጣው። እባቡን አስጠርቶ ያስታርቃቸው ነበር! እኔ ደግሞ ጅብ የዘነጠላትን በቅሎ በሦስት ቀን አድርቄ ብለቃት፣ በአራተኛው ቀን ጅቡን አባይን አሻግራ ጎሐ ጽዮን አስገባችው።»

«በቅሎዋ ጓንት አድርጋ ነበር?»

«አንተ ሳቅ። የዛሬ ዓመት ጉልበትህ ላይ የወጣውን እብጠት ማን እንዳደረቀው ጉልበትህ ያውቃል።»

ውዱ ሳቁን ገታ። ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱስ ያንተ እጅ ነው። እንዲያው ግን ወንድሜ... ዘንድሮ ሰባቴ ሰነፈ ይባላል። ድሮ በሦስት ቀን የሚያደርቀውን አሁን ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። የመምህር አሻግሬ ልጅ እኮ ልጥፉን እንደለጠፈ ነው የተቀበረው።»

ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያልሰሙ መሰሉ። ይኼ ነገር በዘርጋው ፊት አይነሳም።

«ፋብሪካው ነው!» አለ ዘርጋው ጮክ ብሎ። «ውሃ ያበዛሉ፣ ያሳሱታል። በእኔ በራሴ እጅ ታሥሮ ያልደረቀ ቁስል አምጣ። አንድ። አንድ ብቻ!»

ማንም ሊያመጣለት አልቻለም። ከጉራው ሁሉ መሐል ይኼ አንዱ እውነት ነበር፤ እሱ በገዛ እጁ ያከመው ሰው ሁሉ ድኗል። ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

ሰው ሲቆረጥ የሚደወለው ደወል የተደወለው በዚህ መሐል ነው። ሰልፉ እንደ ደንቡ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሁሉም እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ከመጋረጃው በስተኋላ አንድ የሰለቸው የሴት ድምፅ «ከታፊ ቁጥር ሦስት፣ ግራ እጅ፣ ሌባ ጣት» እያለ መዘገበ።

ከታፊ ቁጥር ሦስት የዘርጋው ልጅ ደብሪቱ ነበረች።

የሴቶች ቁስል ማረፊያው ዘጠኝ አልጋ ያለው ነጭ ቤት ነው። ጠያቂ ታጥቦ ይገባል፤ የሚጠይቀውን ሰው ግን አይነካም። በየአልጋው ራስጌ ሰሌዳ አለ፤ በሰሌዳው ላይ ክንድ ተሥሏል፣ ነርሷ ጠዋትና ማታ እየመጣች ቀዩ መስመር የት እንደደረሰ በእርሳስ ታሰምርበታለች። መስመሩ ከእጅ አንጓ በታች ከሆነ በሽተኛዋ ሾርባ ይሰጣታል። አንጓውን ካለፈ ቤተሰብ ይጠራል። ክርን ከደረሰ ክንዱ በመጋዝ ይወጣል። ክንድ ማውጣትም ራሱ ማቁሰል ስለሆነ፣ ክንዳቸው ከወጣላቸው ሦስት ሰዎች የሚተርፈው አንዱ ነው። ይኼ ሁሉ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ አንብቦ የሚያለቅስ ሰው ግን አሁን አሁን የለም።

ማክሰኞ ዕለት የደብሪቱ መስመር መዳፏ ላይ ነበር።

«አባዬ፣ አታስብ» አለችው አረንጓዴውን ልጥፍ እያሳየችው። «ስምህን ለጥፌ እንዴት እሞታለሁ?»

ዘርጋው ሳቀ። አሳሳቁ ሰው ያሳቀው ሰው አሳሳቅ አልነበረም።

ረቡዕ መስመሩ አንጓዋን አለፈ። ነርሷ ቤተሰብ ጠራች፤ ቤተሰቡም መጥቶ አይቶ ተመለሰ። ዘርጋውና ሚስቱ ይርገዱም እቤታቸው ገቡ። ይርገዱ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጓዳ ገባች፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን የበሬ ቀንድ አውጥታ ውታፉን ነቀለችና መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ምንም አልወረደም።

«የት አደረስኸው?»

«አልቋል።»

«በምን አለቀ?»

ዘርጋው ጫማውን አየ። የመጨረሻዋን ቁንጥር የጨረሳት ባለፈው ጥር ነው፤ አዲስ ጫማ ተረከዙን ልጦት። ጫማው የተሸለመው ነበር፣ ለሰባት ቅጠል ዐሥራ ሰባተኛ ዓመት።

«ለተረከዜ» አለ።

ይርገዱ ቀንዱን መልሳ ወተፈችው፤ ባዶ ቀንድ የሚወተፍበት ምክንያት ባይኖርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ የሚባለው ወገን ከጥንት ጀምሮ አንድ ወግ አለው። መድኃኒቱን የሚጠይቅ ሲመጣ፣ ንጉሥም ይሁን ጎረቤት፣ አይዋሽም፤ ግን አይጨርስም። የዘርጋው አያት «እውነቱን ንገራቸው፤ አንዷን ግን ጓዳ አስቀር። ጨርሰህ የነገርኸው መድኃኒት አንተን አያውቅህም» ብሎ ነበር ያሳደገው። በየቤቱ የቀረችው ያቺ አንዷ የጓዳ ቅጠል ትባላለች። ስሟ አይጠራም፤ ከተጠራች ኃይሏ ይሸሻል። የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመት የዕፀዋት መዝገብ ሰዎች ዘርጋውን ሦስት ካሜራ ፊት አስቀምጠው፣ አውራ ጣቱን አስፈርመው ሲያስምሉት፣ ግራዋን፣ ዳማከሴን፣ ምስርችን፣ ሰንሰልን፣ አቱችን፣ ብሳናን፣ ዶቅማን ቆጠረላቸው። መጠኑን፣ አቀማመሙን፣ የቱ በየት በኩል እንደሚቆረጥ ሳይቀር ነገራቸው። እጅግ ለጋስ ሆነ፤ ሰዎቹም አለቀሱ ይላል። የቆቅ እግርን ግን አላነሳም።

የቆቅ እግር ስሟን ያህል እንኳ የማታምር፣ ፍየል ዘላ የምታልፋት፣ በአባይ በረሃ ድንጋይ ለድንጋይ የምትበቅል አረም ናት። አያትየው «እሷ እንኳ አትገድልም» ይል ነበር። «ሌሎቹ ሲገድሉ እጅ ትይዝላቸዋለች።» ዘርጋው ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱ፣ ለጠጅ ጓደኞቹ ባሠረው ሁሉ ላይ ከቀንዱ አንድ ቁንጥር ጣል ያደርግበት ነበር። ለቀረው ሕዝብ ሰባቱ ነበሩለት።

«ውረድና ቁረጥ» አለች ይርገዱ።

«የመዝገቡ ሰዎች በረሃውን አርመውታል።»

«ውረድና ቁረጥ!» አለች ደግማ። ከዚያ አጎንብሳ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «እኔም እኮ አውቃለሁ። ባሠርህ ቁጥር እያየሁ ዝም ብያለሁ። በኋላ ለማን እንደምነግረው እንጃ» አለች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ዘርጋው በረሃ ወረደ። በወጣትነቱ ይኼን ቁልቁለት በአንድ ትንፋሽ ወርዶ በግማሽ ትንፋሽ ይወጣው እንደነበር ለሰማው ሁሉ ተናግሯል፤ ያን ቀን ግን የሚሰማው አልነበረምና ስድስት ጊዜ ተቀመጠ። ልጅ ሆኖ የሚያውቀው በረሃ የተንጨባረረ፣ እሾሁና ሐረጉ የተቆላለፈ፣ ዝንጀሮ የሚጮህበት ነበር። አሁን ያየው እንደ ተበጠረ ጠጉር የተሰነጠቀ ገደል ነው። ግራዋ በረድፍ፣ ሰንሰል በረድፍ፣ ዶቅማ በረድፍ፤ ሰባቱ ቅጠሎቹ እንደ ወታደር እስከ ወንዙ ድረስ ተሰልፈዋል። በመሐላቸው ምንም የለም። ምንም ሲባል ደግሞ ሣርም የለም።

አንዱን ድንጋይ አነሳ፣ ሌላውን አነሳ። ከበላዩ አንዲት አራሚ፣ የመዝገቡ በራሪ ማሽን፣ እንደ ጥንዚዛ እያጉረመረመች መጥታ ፊቱ ላይ ቆመች።

«እንደምን አደሩ። የሚፈልጉት ዕፅ ስም?»

ዘርጋው ዙሪያውን አየ። አያቱ ስሟን የነገረው በጆሮው ነው፤ እሱ ለሚስቱ እንኳ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ያንን ስም ከሰው ሁሉ ሸሽጎ አሁን ለቆርቆሮ ሊናገር ነው።

«የሚፈልጉት ዕፅ ስም?» አለች አራሚዋ በዚያው ትሕትና።

«የቆቅ እግር።»

«የቆቅ እግር በመዝገብ የለም። ያልተመዘገበ ዕፅ አረም ነው። በዚህ ወረዳ የመጨረሻው የተወገደው ከአራት ዓመት በፊት፣ መጋቢት ሁለት ቀን ነው። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

አመስግናው ሄደች። ዘርጋው ያነሳውን ድንጋይ መልሶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ሰባቱን የተከለለት የራሱ ቃል ነበር፤ ስምንተኛዋን ያስነቀላትም የራሱ ዝምታ። ይኼን ያህል መሬት በአንድ ሰው አፍ ሲታረም ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ለውዱ የሚያወራው ወሬ ነበር።

ከቀትር በኋላ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ የዕፀዋት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ደረሰ። የመዝገቡ ኃላፊ ወይዘሮ ፀዳለ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፤ ቁጥብ፣ ሲናገሩ የምታዳምጥ ሴት። ከግራ እጇ ሁለት ጣት የላትም።

«ጋሽ ዘርጋው! ምነው በደኅና?» ብላ ተነሥታ ወንበር ሳበችለት። «ስለ ደብሪቱ ሰማሁ። እግዜር ይማራት።»

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

«ይንገሩኝ።»

«ቅጠሎቹ ሰባት አይደሉም።»

ፀዳለ ሰውዬው እንደ ልማዱ ዘጠኝ ናቸው፣ ዘጠና ናቸው ሊላት ነው ብላ ፈገግታዋን አዘጋጅታ ነበር።

«ስምንት ናቸው» አለ ዘርጋው። በዕድሜው ሙሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ከተናገራቸው ጥቂት ቁጥሮች አንዱ ይኼ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ቀንዱን፣ ቁንጥሯን፣ ተረከዙን ሳይቀር።

ፀዳለ ስታዳምጥ ቆይታ ፊቷን ጠረጴዛዋ ላይ ወዳለው የመዝገቡ ሰሌዳ መለሰች። አራሚዎቹ አንድን ዕፅ ከማጥፋታቸው በፊት ናሙና ይወስዳሉ፤ ናሙናው ይፈተናል፣ የተረፈው በጠርሙስ ይቀመጣል። ፈለገችና አገኘችው።

«የቆቅ እግር። ተፈትኗል» ብላ አነበበች። «በዐሥራ አራት ጀርም ላይ ለብቻው ተንጠባጥቦ፣ የገደለው የለም። ዜሮ። 'ፈውስ የለውም፣ ይወገድ' ይላል።»

«እህ! እሱማ አይገድልም። አያቴም አይገድልም ነው ያለው። ከሌሎቹ ጋር ሞክሪው።»

«ቅጹ ለብቻው ነው የሚለው። ከሌላ ጋር የሚል ቦታ የለውም።»

«ልጄ፣ ቅጹን ለእግዜር ስትዪ ተይው! መስመሩ ክርኗ ሊደርስ ነው፤ ነገ ጠዋት ክንዷን ሊያወጡት ነው።»

ፀዳለ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ አንዲት የአውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ ይዛለች። በውስጧ አንድ ጭራሮ፣ የተጨማደዱ ጥቂት ቅጠሎች፣ የሰናፍጭ ፍሬ የመሰሉ ዐሥራ አንድ ዘሮች። ሁለት የብርጭቆ ሳህን አወጣች፤ ከቁስል ማረፊያው በዚያው ጠዋት የመጣውን ጀርም ዘራችባቸው። በአንዱ ላይ የሰባቱን ጭማቂ አንጠባጠበች፤ በሌላው ላይ ሰባቱንና የጥፍር ጫፍ የምታክል የቆቅ እግር ዱቄት። የመዝገቡ ፈጣን ሳህን ውጤት እስኪያሳይ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዘርጋው ዝም አለ፤ ደጀን ከተቆረቆረች እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም።

የመጀመሪያው ሳህን ከዳር እስከ ዳር እንደ አረጀ እርጎ ገረጣ። ጀርሙ በሰባቱ ላይ ተራምዶ አልፏል።

በሁለተኛው ሳህን መሐል፣ የድሮ ብር የሚያክል፣ ጥርት ያለ ክብ ተከፍቶ ነበር። በውስጡ ሕይወት ያለው ነገር የለም።

ፀዳለ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ጀርሙ ኢንዛይም አለው» አለች፣ ለእሱ ሳይሆን ለሳህኑ እንደምትነግረው። «መድኃኒቱን የሚቆራርጥበት። ይኼኛው ቅጠል ጀርሙን አይነካም። ኢንዛይሙን ነው የሚይዘው።»

«እጅ ትይዛለች።»

«እጅ ትይዛለች» አለች። «እና እኛ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እጁን የሚይዝ ሳንልክ ሰባቱን ብቻ ላክንበት። መቁረጥ አለማመድነው። በሰዉ ቁስል ላይ ትምህርት ቤት ከፈትንለት።»

ግራ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ዘርጋው አይቶ እንዳላየ ሊሆን ሞከረ።

«ጣቶችሽ የሄዱት በሰባቴ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«በሰባቴ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት። ስለት ተስዬ ነበርና ስተርፍ የምስጋና ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። ለሰው ሁሉ ያነቡት ነበር አሉ።»

እውነት ነበር። ሲያነበውም ሁለቱን ጣቶች ዘሎ ነበር የሚያነበው።

«ጋሽ ዘርጋው፣ በዚህ መዝገብ ላይ ስድስት መቶ አዋቂ ቃሉን ሰጥቷል። ለሳንባው፣ ለኩላሊቱ፣ ለወላዷ፣ ለሁሉ። አሁን አገር የሚታከመው በዚያ ነው።» ቀና ብላ አየችው። «ሁላችሁም ናችሁ?»

ዘርጋው ጣራውን አየ፣ ጫማውን አየ።

«እኔ እስከማውቀው፣ ጨርሶ የሚናገር የለም። ወግ ነው።»

ፀዳለ ስድስት መቶውን የምትቆጥር ይመስል ጣቷን በሰሌዳው ላይ አወረደች። ከዚያ ወረቀት አወጣች።

«ቅጠሉን አሁን ይወስዱታል። ዘሩ የእኔ ነው፤ ይተከላል፣ ከያዘ በሁለት ክረምት አንድ ጎድጓዳ ስፍራ ይሸፍናል። ግን ከጠርሙሱ ምንም ነገር ያለ ቃል አይወጣም። ቃልዎን ያስተካክላሉ። የተስተካከለ ቃል ደግሞ በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ የሰጪውም ስም ከመድኃኒቱ ላይ ይነሣል።»

«ረሳሁት ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ረስተውት ነበር?»

ዘርጋው ጠርሙሷን በጣቱ ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት።

«ለሚስትዎ ሲያሥሩላት ረስተውት ነበር? ለጋሽ ውዱ ጉልበት?»

«አይ።»

«እንግዲያው 'ደብቄ' ብዬ እጽፋለሁ።»

ዘርጋው ያን ጊዜ ያሰበውን ለማንም አልተናገረም። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ፣ ስሙን የያዘው የከተማው አደባባይ፣ ከሞያሌ የመጣው የእንግዳ ሰላምታ፤ ሁሉም በፊቱ አለፈ። ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አጭር አፍታ፣ ክንዷ ቢወጣስ፣ ከሦስት አንዷ ትተርፍ የለ እንዴ፣ የእኔ ልጅ ጠንካራ ናት ብሎ አሰበ። አሰበና ከራሱ ደነገጠ፤ እንዳይደግመው ፈርቶ አውራ ጣቱን ፈጥኖ ወረቀቱ ላይ ጫነ።

«ስንት ሰው ያድናል ይሄ?» አለችው ፀዳለ ቅጠሉን በወረቀት ስትጠቀልልለት።

በሌላ ቀን አንድ ክፍለ ጦር ይላት ነበር።

«አንድ ሰው። ያውም ቀጭን ሰው።»

ሐሙስ ማታ ነርሷ አረንጓዴውን ልጥፍ አንስታ ዘርጋው የቀመመውን አሠረችላት። አርብ ጠዋት ሐኪሙ መጋዙን ይዞ መጥቶ፣ ሰሌዳውን አይቶ፣ ወደ ሌላ አልጋ ሄደ። መስመሩ ባለበት ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ከአንጓዋ በታች ወረደ። እሑድ ሾርባ ተሰጣት።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዘርጋውና ይርገዱ ሊጠይቋት ገብተው ሳለ በከተማው ሁሉ ያለው ድምፅ ማጉያ ጉሮሮውን ጠራረገ። የሚያነበው የሰው ድምፅ እንኳ አልነበረም፤ የአየር ሁኔታ የሚናገረው ያው ድምፅ ነው። «እኔ ዘርጋው ይመር፣ በመሐላ በሰጠሁት ቃል ስምንተኛውን ዕፅ ደብቄ...» እያለ እስከ መጨረሻው፣ ቀኑን ጭምር አነበበ። ቀጥሎ ዝናብ እንደማይጥል ተናገረ።

በዘጠኙ አልጋ ላይ የጮኸ ሰው አልነበረም። ዘርጋው ጩኸት ጠብቆ ነበር፤ ለጩኸት የሚሆን መልስም አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ አያቱ፣ ስለ ወጉ፣ ስለ ፋብሪካው ውሃ። ሰው ሁሉ ግን የሚያየው እሱን ሳይሆን የደብሪቱን ሰሌዳ ነበር፤ እየወረደ የመጣውን ብቸኛ መስመር።

ከጎኗ ያለው አልጋ የጥሩወርቅ ነው። ጥሩወርቅ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ በቆርቆሮ ተጭራ ነው የገባችው። መስመሯ ክርኗ ለመድረስ ሁለት ጣት ቀርቶታል።

«ደብሪቱ እህቴ» አለች ቀስ ብላ። «ያንቺ ልጥፍ አረንጓዴ አይደለም እንዴ?»

ደብሪቱ እጇን አየች። ግራጫ ነበር። ሳታስተውለው ቀርታ አይደለም፤ አባቴ በራሱ እጅ ስለሠራው ነው ብላ ነበር። ልጅ ሆና ጉልበቷን ስትላጥ፣ እናቷን የጋለ ድስት ሲያቃጥላት፣ የውዱ ጉልበት ሲያብጥ፣ ሁልጊዜ ግራጫ ነበር።

«አባዬ» አለች። «ለእኛ ብቻ ነበር?»

ዘርጋው ወደ ይርገዱ ዞረ። ይርገዱ ወለሉን ታያለች።

«ለጥሩወርቅ ስጣት።»

«አልቋል የኔ ልጅ።»

«ትንሽ።»

«ትንሽም የለም። ጥቂት ቅጠል ነበረች፤ ለአንቺም በጭንቅ ነው የበቃች። ዘሩ ተተክሏል፣ ወይዘሮ ፀዳለ ራሷ ተክላዋለች፣ በሁለት ክረምት...»

ጥሩወርቅ ሰሌዳዋን አየች። ሁለት ክረምት የሚያስቆጥር ቦታ አልነበረውም።

«አባዬ፣ አስቀርተሃል» አለች ደብሪቱ።

«አላስቀረሁም!»

«ሁልጊዜ ታስቀራለህ። ዛሬ አይደል እንዴ በማጉያ የተነገረው?»

«እናትሽ ትሙት! ማርያምን!» አለ ዘርጋው። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም። ጨርሻለሁ። ጓዳዬ ባዶ ነው። ይርጌ፣ ንገሪያት!»

ይርገዱ ቀና አለች። ባሏን አየችው፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው።

«እኔ አላውቅም» አለች።

ዘርጋው የሱሪውን ኪስ ገለበጠ። መሐረብና የአንድ ሽንኩርት ልጣጭ ወደቀ። ሌላኛውን ገለበጠ። ኮቱን አውልቆ አልጋዋ ላይ ወረወረው። «ይኸው! እናንተው ፈትሹ!» አለ።

እንደዚያ ሲል አይፈትሹም ብሎ ነበር። ሴቶቹ ግን አንድ በአንድ ከአልጋቸው ወረዱ፤ የታሠረውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው በደህናው እጃቸው የኮቱን ኪስ፣ ኮሌታውን፣ የእጅጌውን እጥፋት እንደ ምስር ለቃሚ ዳሰሱ። ማንም አልተሳደበም። ጥሩወርቅ ጣቷን በትንሿ የውስጥ ኪስ ከትታ ዱቄት የመሰለ ነገር አወጣች፤ አሸተተችው፤ አቧራ ነበር፤ ቢሆንም በወረቀት ቋጠረችው።

ተራው ለደብሪቱ ሲደርስ የኮቱን ገበር ያዘችና ስፌቱን በጥርሷ በጠሰችው። እስከ ታች ተረተረችው። ከውስጡ የወጣ ነገር አልነበረም። ኮቱን ለጥሩወርቅ አቀበለቻትና እጇን ወደ አባቷ ዘረጋች።

«ሸሚዝህን» አለችው።